ድልድዩ ላይ የቆመችው ልጅ

አባዬ፣ የጨዋታ ጓዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እማዬ የምትቆጥረው በወር በዓሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ሲዘጋ። እንዴት ነህ ብዬ ብጀምር "ከዚህ ወዲያ እንዴት ልሁን?" ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን ትቼ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከወሬው በኋላ ግን የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ ስትልከኝ ያልሰማሁህ፣ ዘግይቼ የሄድኩበት የጊንጪው ጉዳይ። ወረቀት ያነሳሁት ለእሱ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። "ይሄ ዛፍ ወንድ ነው፣ ቢቆረጥ ይሻላል" ስትለው የኖርከው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። እማዬ ለጎረቤት ስታድል "ገመቹ ይህን ቢያይ ምን ይውጠው ነበር" ትልና ስቃ ስታበቃ ወደ ጓዳ ትገባለች። የውጭው በር እንደ ድሮው ይጮኻል። ዘይት ገዝቼ ሦስት ወር አስቀመጥኩት፤ ግን ያ ጩኸት አንተ ከሥራ ስትመለስ የምንሰማው ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንተ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ባስተማርክበት ትምህርት ቤት እኔም አይሲቲ እያስተማርኩ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ያንተ ወንበር ላይ አዲስ የስፖርት መምህር ይቀመጣል። ደግ ልጅ ነው፤ ግን እዚያ ሳየው ይከብደኛል።

ኮምፒውተሩም ደህና ነው። ለቅሶው እንዳበቃ እማዬ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው፤ እኔም አልገለጥኩትም። የተማርኩት ኮምፒውተር፣ እንጀራዬም ኮምፒውተር፤ ያንን አንዱን ለማብራት ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ጨዋታውን እንዴት እንደጀመርን ታስታውሳለህ? መንገዱ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ያ ዓመት ነው። አንተ ፈተና ልታስፈትን ባኮ ሄደህ እዚያው ቀረህ፤ አያቴ ደግሞ ጊንጪ፣ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ደጀኔ ቤት አረፈች። ጋሼ ደጀኔ ሊደውል ሞከረ፣ ስልክ የለም፤ ሰው ሊልክ ፈለገ፣ መንገድ የለም። አንድ ቀን አሳደራትና ቀበራት። አንተ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና አምቦ ገብተህ፣ እማዬንና እኔን ይዘህ በሦስተኛው ቀን ጊንጪ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት "እናቴን ሳልሰናበታት የቀበረብኝ ወንድሜ አይደለም" አልክ። እሱም "እንግዲያው አንተው ካልጠራኸኝ ደጅህን አልረግጥም" አለ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነበር። ክፋቱ፣ ሁለታችሁም ቃላችሁን ጠበቃችሁ።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት ዋልክ። ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለህ። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ከጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ የገለበጥኩትን ጌም ስጫወት ከኋላዬ መጥተህ ቆምክና "ይሄ አገር የት ነው?" አልከኝ። የትም እንዳልሆነ፣ ዘንዶና አስማተኛ ያለበት የፈጠራ ዓለም እንደሆነ ነገርኩህ። "ካርታ አለው?" አልክ። ካርታውን ከፈትኩልህ። ተራራው፣ ወንዙ፣ ቆላው፣ ደጋው፤ ማንም በዚህ ሂድ በዚያ ተመለስ የማይልህ፣ በፈለግክበት አቅጣጫ የምትሄድበት አገር። ደጅ መውጣት በማይቻልበት ሰሞን ነው ይህን ያሳየሁህ። መነጽርህን አምጥተህ ወንበር ሳብክ፤ በዚያው ጠፋህ።

ካርታውን ደብተር ላይ በእርሳስ ገለበጥከው፤ የከፍታ መስመሩ ሳይቀር። የጌሙ የቦታ ስሞች ምላስ ያደናቅፋሉ ብለህ የራስህን ስም አወጣህ። በቆሎ የሚመስል ነገር የሚበቅልበትን ቆላ ባኮ፣ ተራራ አናት ላይ ያለውን ሐይቅ ወንጪ፣ ከብት የሚግጥበትን ሜዳ ደንዲ አልከው። ማውሱ በእኔ እጅ፣ ፍርዱ ባንተ ነበር።

ጌሙ ሲጀምር መጀመሪያ ሰው መሥራት ነው፤ መልኩን፣ ሙያውን፣ ስሙን። እኔ ጎራዴ ያለውን መርጬ ዘው እል ነበር። አንተ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ እርምጃ አታስኬደኝም። የማን ልጅ ነው? ከአገሩ ለምን ወጣ? ይጾማል? ይጾማል ተባለ። እኛ ጋ ዓርብ ከሆነ እሱም ጋ ዓርብ ነው። ያ ምስኪን ጦረኛ ቆስሎ እያጣጣረ፣ ከረጢቱ ውስጥ ነፍስ የሚዘራ አይብ እያለው፣ ጎመን ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞረ። ሌላው ተጫዋች በየቤቱ እየገባ ያገኘውን ይሰበስባል። የእኛ ሰው ግን አንተ በእሱ ፈንታ "ቤቶች!" ሳትል ደጃፍ አያልፍም፤ የሬሳ ኪስ አይፈትሽም። በዚህ ምክንያት ዘንዶውን የገደልነው በተቀደደ ጫማ ነው። እማዬ ብቅ ብላ ሁለታችንን ታይና "እኔ አንድ ልጅ የወለድኩ መስሎኝ ነበር" ትላለች።

ከዚያ ወንጪ ብለህ በሰየምከው ሐይቅ ዳር እነዚያ ሁለት ወንድማማቾች መጡብን። በመካከላቸው የእንጨት ድልድይ፣ ወዲህ የታናሹ ቤት፣ ወዲያ የታላቁ። አባታቸው አንዲት ጀልባ ትቶ ሞቷል፤ ሁለቱም የኔ ናት ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ጌሙ ሦስት መስመር ያወጣና ምረጡ ይላል፤ ለታላቁ ፍረድ፣ ለታናሹ ፍረድ፣ ወይም አያገባኝም በል። ለአንዱ ከፈረድክ ሌላው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ያን ሁሉ አገር ብታስስ ዳግመኛ አታገኘውም። አያገባኝም ካልክ ጀልባዋ ትቃጠልና ሁለቱም ይሄዳሉ። አንተ መነጽርህን ወደ አፍንጫህ ገፋ አድርገህ "አራተኛው መስመር የታለ?" አልከኝ። የለም አልኩህ። "እንዴት አይኖርም? ታረቁ የሚል ሰው በዚህ አገር ጠፋ?"

ለታናሹ ፈረድን። ታላቁ ጓዙን ተሸክሞ ኮረብታውን ሲወጣ፣ እስኪሰወር አየኸው፤ ከዚያ ተነስተህ ጓሮ ወጣህ። ስትመለስ "ከመጀመሪያው እንጀምር" አልክ። ይህ ማለት የወር ድካም መጣል ነው። ትንሽ ብቻ ወደኋላ መመለስ ይቻላል ብልህ አልሰማኸኝም። "ጥፋቱ የመልእክተኛው ነው። ጎራዴ ታጥቆ ሽምግልና ይኬዳል እንዴ?"

በዚህ ዓይነት ያን ዓለም በተከታዮቹ ዓመታት ስድስት ጊዜ ከአልፋ እስከ ኦሜጋ ዞርነው። አንዴ መድኃኒት ቀማሚ መነኩሴ ላክን፤ አንዴ የንጉሥ ዘመድ። አንዴ ደግሞ፣ አስቸጋሪን የሚችለው አስቸጋሪ ነው ብለህ ሌባ ላክን፤ ያኔ እኔ ስሰርቅ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ከሁሉ የማልረሳው ግን ሽማግሌውን ነው። ፀጉሩን ነጭ አደረግክለት፣ ጀርባውን አጎበጥክለት፣ የታላቁ ወንድም ደጃፍ ላይ አቆምከው። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስምና አንተም አላስቀመጥከውም። ዝናብ ዘነበበት፣ መሸበት፣ ነጋበት። አንተ ሻይህን ጠጥተህ፣ ቤተ ክርስቲያን ስመህ ተመልሰህ "እስካሁን ግቡ አላለንም?" ትላለህ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

አንድን ጌም ደጋግሞ መጫወት ምኑ ነው የሚጥመው ብዬ ጠይቄህ ነበር። "እኔ አንድን ምዕራፍ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፤ ሰልችቶኝ ያውቃል? ምዕራፉ ያው ነው፤ ክፍሉ ይለያያላ። እዚህም አገሩ ያው ነው፤ የሚሄደው ሰው ነው ሌላ" አልከኝ። ይህን አሁን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ ያንተ መሆኑን ጨምሬ።

ማንን ልታስታርቅ እንደምትለፋ ማወቅ ነበረብኝ። የአምቦን ባልና ሚስት ስታስታርቅ ጫማህ አለቀ። ከጊንጪ ሁለት ጊዜ ሽማግሎች መጥተው "ኦቦ ገመቹ፣ ታናሹ አንተ ነህ፤ አንተ ጥራው" ሲሉህ ግን "እሺ፣ እናያለን" ብለህ ሸኘሃቸው። እማዬ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ስትል ያልሰማ ትመስላለህ። አዲስ አበባ ስንሄድ ሚኒባሱ ጊንጪ ሲደርስ መጋረጃውን ትስባለህ፤ ጋሼ ደጀኔ ጎማ የሚጠግንበት ቤት መንገድ ዳር ነዋ። ከተማውን ካለፍን በኋላ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ "በሩ ክፍት ነበር?" ትለኛለህ። ክፍት ነበር እልሃለሁ። "ደህና" ትላለህ።

ከዚያ ልብህ ደከመ። ከወንበር እስከ በር መሄድ ሲያደክምህ ጨዋታውንም ተውነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፈተና ወረቀት እያረምኩ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። "ሌንሳ፣ ጦረኛ ልከን አየን፣ መነኩሴ ልከን አየን፣ ሽማግሌም ልከን አየን። ልጅ ግን ልከን አናውቅም። እስቲ ልጅ እንላክ" አልከኝ። እኔ ከወረቀቱ ቀና ሳልል "አባዬ፣ ጌሙ እኮ አንዴ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ማንም ቢሄድ መልሱ ያው ነው" አልኩህ። አንተም "እሱስ ልክ ነሽ" አልክ። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባህ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንተን ይዘን ሳይሆን አስከሬንህን ይዘን ተመለስን።

በለቅሶህ ጋሼ ደጀኔ መጣ። ግን ከድንኳኑ ውጭ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ዋለ። አንተ አልጠራኸውምና ደጅህን አልረገጠም። እማዬ ልትጠራው ስትነሳ ሴቶቹ ልትወድቅ ነው ብለው ደግፈው አስቀመጧት። እኔ ግን እግርም አፍም ነበረኝ። አየሁት፣ አየኝ፣ ዝም አልኩት። ተናድጄበት ነበር አባዬ፤ በሕይወት ሳለህ ያልመጣ ሰው አሁን ምን ይሠራል ብዬ። ሦስት ቀን እየተመላለሰ ቆመና ሄደ። የምናዘዘው አንዱ ይህ ነው።

ሌላው እነሆ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ እማዬ ከኮምፒውተሩ ላይ ፎቶህን እንዳወጣ ለመነችኝና ጨርቁን ገለጥኩት። ፎቶውን አገኘሁ። መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም፤ ጌሙን ከፈትኩት። ስድስቱን ሰዎቻችንን በየቦታቸው አገኘኋቸው። ሰባተኛ ሰው ግን ነበረች፤ እኔ ያልሠራኋት። ስሟ ሌንሳ።

ማውስ እንደ ጠመኔ የምትይዘው አንተ፣ ብቻህን፣ እኔ ሥራ ስሄድ ሠራሃት። አፍንጫዬን አስረዝመኸዋል፤ እንደዚያ ነው እንዴ የምታየኝ? ሹሩባውን ግን አሳምረኸዋል። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ ማንንም ሳትገድል፣ ከማንም ቤት ሳትሰርቅ ሐይቁ ድረስ መጥታለች። ድልድዩ መሐል ላይ፣ ፊቷን ወደ ታላቁ ወንድም ቤት አዙራ ቆማለች። ታላቁም ታናሹም በየቤታቸው አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ የተደረገችበት ቀን ሆስፒታል የገባህበት ዋዜማ ነው። ደብተርህ ኪቦርዱ ሥር ነበር። በዚያ ካርታ ላይ ለሁሉም ቦታ ስም ስታወጣ ያን የታላቁን ቤት ሳትሰይመው ትተኸው ነበር። አሁን አጠገቡ በተንቀጠቀጠ እርሳስ "ጊንጪ" የሚል አለ።

ያኔ ገባኝ። ልጅ እንላክ ስትለኝ እኔን ልትልክ ነበር። እኔ ደግሞ ማንም ቢሄድ መልሱ ያው ነው ብዬ የላከኝን አፍ ዘጋሁ። ወንበርህ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ተቆጣሁህም። ምናለ በቀጥታ ሌንሳ፣ ወንድሜን ጥሪልኝ ብትለኝ? ግን አንተ የሰውን ጉዳይ እንኳ ከሩቅ ዞረህ ነው የምትደርስበት፤ የራስህንማ እንዴት በአንድ ጊዜ ትለዋለህ?

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጊንጪ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ደጀኔ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። አርጅቷል፤ ከጎን ሲታይ አንተን ነው። አግዳሚ ወንበሩን በእግሩ ወደ እኔ ገፍቶ "ታኢ፣ ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ቢለኝም አልቀመጥም አልኩት። ሻይ አስመጣልኝ፤ አልነካሁትም። እንደገና ተቀመጪ አለኝ፤ እንደገና አልቀመጥም አልኩት። ያን ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ሳይቀመጥ የሚቆም ሰው ለምን እንደመጣ እሱም ያውቃል። "ማን ልኮሽ ነው?" አለኝ። "አባዬ" አልኩት።

ካረፈ ዓመት ያለፈው ሰው ይልካል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስድስቱን ጉዞ፣ መጋረጃውን፣ በሩ ክፍት ነበር ወይ የምትለኝን፣ ድልድዩን። ባለመኪኖች መጥተው ጠበቁት፤ አላያቸውም። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታላቅየው ምን መለሰ አለኝ። እስካሁን የጠየቀው የለም፤ አባዬ ልጅቷን ድልድዩ ላይ አድርሶ ጊዜ አልበቃውም አልኩት። ተነሳ። እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ የጎማው ጥቁረት አልለቀቀውም። በሩን ዘጋና አብሮኝ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ከደጃችን ሲደርስ ቆመ። "ቤቶች!" አለ፤ ልክ ያንተ ሰዎች እንደሚሉት። እማዬ ወጥታ አየችው። እጁን ይዛ አስገባችው፤ በሩም እንደ ልማዱ ጮኸ። ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እና እንደ ስፖርት መምህሩ አልከበደኝም። ልጅቷን አሳየሁት። ብዙ አያት። ሄዳ ታናግረው ወይ ስለው "ተያት፣ እዚያው ትሁን" አለ። ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን አለ፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።

አዲስ ከፈትኩለት። የሙያው ዝርዝር ወጣ፤ አንድ በአንድ በአማርኛ ነገርኩት። ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ አዳኝ፣ ሌባ፣ መድኃኒት ቀማሚ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ወንድም የሚል የለም?" አለኝ። የለም አልኩት። አራተኛው መስመር የለም ያልኩህ ቀን ያየሁት ፊት ነው ያየሁት። በዚያ ጥቁር እጁ ፊቱን ሸፍኖ ቆየ። በኋላ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበና በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ያንተን ስም ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ ይመጣል። መቃብርህ ላይም አብረን ሄደናል፤ እዚያ ብዙ አወራህ፤ የሰማሁትን አልጽፈውም፤ የተናገረው ላንተ ነው። ስለ ጨዋታው ግን ስሞታ አለኝ። በስምህ እየሄደ የሰው ማሰሮ ይከፍታል፤ "ይሄን ማን ረሳው?" ይልና ወደ ከረጢቱ። ዓርብን አያውቅም፤ አይብ ይበላል። አዲስ ጫማ ግን አለህ። ሐይቁ ጋ እንሂድ ስለው "ገና ነን፣ ምን ያጣድፈናል" ይላል፤ ዞር ዞር ብሎ አገሩን ያያል። ደብተርህን አጠገቡ ዘርግቶ ባንተ ካርታ ነው የሚሄደው።

ዛሬ እሁድ ነው፤ አሁን ይደርሳል። ይህን የምጽፈው የበሩን ጩኸት እየጠበቅኩ ነው፤ ዘይቱን ለጎረቤት ሰጠሁት። አባዬ፣ ስምህ ሳይረሳ እንዲኖር የማደርገው ትልቅ ነገር የለኝም። ሲልኩኝ ግን ከወረቀቴ ቀና እላለሁ፤ ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ። ስድስቱን ሰዎቻችንንና ሰባተኛዋን በሦስት ፍላሽ ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ መብራት ቢሄድ፣ ዲስኩ ቢሞት እንዳይጠፉ። እሷን ከዚያ አላንቀሳቅሳትም። ድልድዩ ላይ ትቁም፤ የተላከችበትን አድርሳለች።

ልጅህ ሌንሳ
አምቦ